ሶር ፏፏቴን ልታዩ ነው? እንግዲያው መንገዱን አትዝለሉት

«ሶር ልሄድ ነው» የሚል ሰው ጅማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከዚህ ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ብሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው። ፏፏቴው ያለው መቱ ከተማ አቅራቢያ ነው፤ ከጅማ መቱ ደግሞ 255 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ከተነሳችሁ ከሰዓት በኋላ መቱ ትገባላችሁ፣ በማግሥቱ ፏፏቴውን ታያላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ ጅማ ናችሁ። ብዙው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሄዶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ጭቃ ተለውሶ ይመለስና «ቆንጆ ነው፣ ግን መንገዱ ይገድላል» ይላል።

እኔ ጅማ ነዋሪ ነኝና ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። ፏፏቴው ፊት የምትቆሙት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። መንገዱ ግን ቀኑን ሙሉ በቡና መንደሮች፣ በገበያዎችና የጫካ ማር በሚቆረጥበት አገር መሃል ነው የሚያልፈው፤ ያንን ሁሉ በመኪና መስኮት እያዩ ማለፍ ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ ጉዞውን አምስት ቀን አድርጉት። ሶርን ከማቆሚያዎቹ አንዱ አድርጋችሁ ቁጠሩት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መቼ ይሻላል?

ይሄን ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ሌላው ዕቅድ ሁሉ ይበላሻል። እዚህ ደቡብ ምዕራብ ዝናቡ እንደ ሸዋ ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ የሚወጣ አይደለም። መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይቆያል። በክረምት ሶር ኃይለኛ ነው፤ ያስፈራል። ግን ወደ እሱ የሚወርደው የእግር መንገድ ሳሙና ነው። ጥርና የካቲት ደግሞ መንገዱ ደርቆ ይመቻል፣ ውሃው ግን ይቀንሳል።

የኔ ምርጫ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። ውሃው ገና አልጎደለም፣ ጭቃው መጠንከር ጀምሯል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቡና ለቀማ ነው። ቡናው ቀልቶ፣ መንደሩ በሙሉ ቅርጫት ይዞ ወጥቶ፣ በየደጃፉ ጀንፈል ተሰጥቶ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ገጠሩን ለማየት የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ከመኪና መውረድ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ካለ ከቀናት በኋላ ቡናው በአንድ ላይ ያብባል። ነጭ ነው፣ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ችግሩ አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ስለዚህ ዕድል ነው። ለእሱ ብላችሁ ትኬት አትቁረጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የጅማና የአጋሮ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ቀን የገጠር ቤት ቡና አይፈላም፣ ምግብ ቤቶችም ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። መምጣት አትችሉም ማለቴ አይደለም፤ አፍጥር ላይ ከጋበዟችሁማ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ትጠግባላችሁ። ግን አውቃችሁት ኑ። ዓርብ ቀትር ላይም ሰው መስጊድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ገበሬ አትፈልጉ።

መኪናና ገንዘብ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ወይ በአውሮፕላን አባ ጅፋር ኤርፖርት ታርፋላችሁ፣ ወይ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጋችሁ፣ ጊቤ በረሃን ወርዳችሁ ወጥታችሁ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳላችሁ። ከጅማ በኋላ ያለው ነው ጉዳዩ።

የራሳችሁ ወይም የኪራይ መኪና ካላችሁ ሹፌሩ ኦሮምኛ የሚችል ይሁን። ከተማ ውስጥ አማርኛ ችግር የለውም፤ መንደር ስትገቡ ግን አንድ የሚያግባባ ሰው ከሌለ ፈገግታ ብቻ ተለዋውጣችሁ ነው የምትመለሱት። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ጅማ መነኻሪያ ንጋት ላይ ተገኙ። በቀጥታ መቱ የሚል መኪና አትፈልጉ፣ መንገዱን ቆራርጡት፦ ጅማ–አጋሮ፣ አጋሮ–በደሌ፣ በደሌ–መቱ። በየመሃሉ ሚኒባስ አለ፣ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን መኪና እየሳሳ ይሄዳል፤ 10 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ ያመጣው መከራ ብዙ ነው።

ጥሬ ብር ያዙ። በደሌና መቱ ባንክ አለ፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል። መንደር ውስጥ ደግሞ የሚከፈለው በእጅ ነው፣ ያውም በዝርዝር። ትልልቅ ኖት ይዞ ገጠር ገብቶ «ዝርዝር አላችሁ?» ማለት ሰውን ማስቸገር ነው።

ጸጥታውንም ጠይቁ፤ ይሄ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በየወቅቱ ይለዋወጣል። ከማንም በፊት የሚያውቁት የዚያ መስመር ሹፌሮችና ረዳቶች ናቸው፤ በምትነሱበት ጠዋት መነኻሪያ ጎራ ብላችሁ «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» በሏቸው። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉ ይቅርባችሁ። ጅማ አንድ ቀን ተጨማሪ ማደር አይጎዳም።

ጅማን ሐሙስ አድርጉት

ሂርማታ ገበያ የሚደምቀው ሐሙስ ነው። ዕቅዳችሁን ከዚህ ጀምሩ፤ ረቡዕ ጅማ ግቡ፣ ሐሙስን ለከተማው ስጡ፣ ዓርብ ጠዋት ተነሱ።

ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ ጅሬን ውጡ። ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባጃጅ ይወስዳችኋል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ናቸው። ለዳግማዊ ምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት አተረፉት፤ ጅማ የራሷን ንጉሥ ይዛ እስከ 1932 የቆየችው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ ባለ ፎቅ ነው፣ የተሠራው በእንጨት ነው፣ ዙሪያውን ሰፊ ሰገነት አለው። እዚያ ስትደርሱ ለፎቶ ከመሮጣችሁ በፊት እንጨቱን እዩት። ምሰሶውን፣ የአጥሩን ቅርጽ፣ መገጣጠሚያውን። በኋላ ገበያ ስትወርዱ የምታዩት የጅማ የእንጨት ሥራ ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባችኋል።

አስጎብኚው ስለ ንጉሡ ቁመትና ስለ ቸርነታቸው ብዙ ያወራላችኋል። ደስ ይላል። ግን የዚያ ዘመን የጊቤ መንግሥታት ሀብት ከቡና፣ ከማር፣ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ሌላ በባሪያ ንግድም የመጣ መሆኑን ጠይቁት። ሲራራ ነጋዴው ሂርማታ የሚመጣው ለእሱም ነበር። ታሪክ ሲነገር ግማሹን መተው ልማድ ሆኗል፣ እናንተ ግን ከጠየቃችሁ የሚመልስላችሁ አታጡም።

ከዚያ ረፋድ ላይ ገበያው። የጅማ በርጩማ የምትገዙበት ቀን ይሄ ነው። እውነተኛው ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ምስማርም ኮላም የለውም። ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት፦ እግሩና መቀመጫው የተጋጠመበት መስመር ካለ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። የዋንዛ ከሆነ ጥሩ ነው። ክብደቱንም ሞክሩት። በጣም የሚከብድ ከሆነ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ወስዳችሁ ደረቅ አየር ሲያገኘው ይሰነጠቃል። የቆየና የቀለለውን ምረጡ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ሰውየውን አታድርቁት። በርጩማ በመጥረቢያና በመሮ መፈልፈል እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ አንድ ጊዜ ቆማችሁ ካያችሁት ክርክሩን ራሳችሁ ትተዉታላችሁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ጅማ ሙዚየም ግቡ፣ የንጉሡ ዕቃዎች እዚያ ናቸው። ወደ ማታ ደግሞ ከከተማው ዳር ቦዬ ረግረግ ጋ ጉማሬ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ከሩቅ እዩ። ጉማሬ ወፍራም ስለሆነ ቀርፋፋ የሚመስለው ሰው ሁሉ ይሸወዳል።

አጋሮና ጮጬ፦ ቸኩላችሁ አትለፉ

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ነው። እኔ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩበት እላለሁ።

ጮጬ ከአጋሮ ወጣ ብላ ያለች የጎማ ወረዳ ቀበሌ ናት። ቡና መጀመሪያ የተገኘባት ቦታ ናት ይባላል፤ ካታ ሙዱጋ የሚባለውን ሥፍራም ያሳዩአችኋል። ካልዲ የሚባለው እረኛ፣ የጨፈሩት ፍየሎች፣ ይሄንን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የከፋ ሰዎች ይሄን ስታነቡ ደማችሁ እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ ቡና የተገኘው እኛ ጋ ነው የምትሏት ማኪራ አለች፣ የቡና ሙዚየሙም ቦንጋ ነው። ክርክሩን ለእናንተና ለጎማ ሽማግሌዎች ትቼዋለሁ። ለማንኛውም የፍየሎቹ ወግ በጽሑፍ ታትሞ የወጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ነው፣ ያኔ ደግሞ የጮጬም የማኪራም ስም የለበትም።

ጮጬ ድረስ ሄዶ ቦታውን አይቶ መመለስ የግማሽ ሰዓት ነገር ነው። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ግቡ።

እንዴት? «የቡና ሥነ ሥርዓት ለቱሪስት» የሚል ነገር አትፈልጉ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ሄዳችሁ «ከጅማ መጥተን ነው፣ የቡና ማሳ ማየት ፈልገን ነበር» በሉ። አንድ ሰው ይሰጧችኋል። ያ ሰው ወደ ማሳው ሲወስዳችሁ ከቤቱ ወይ ከዘመዱ ቤት ሳያሳልፋችሁ አይቀርም። ከአጋሮ ስትነሱ አንድ ኪሎ ስኳር ያዙ፣ ዳቦም ጨምሩበት። ለባለቤቲቱ በእጇ ስጡ። ቡና ጠጥቶ ብር ዘርግቶ መውጣት ግን ነውር ነው፤ የመራችሁን ሰው ለብቻው ውጭ ክፈሉት።

ሽማግሌ ካሉ ተነስታችሁ ሰላም በሉ። «አሰላሙ አለይኩም» ካሉ «ወአለይኩሙ ሰላም» ብላችሁ መልሱ፣ የእናንተ ሃይማኖት ሌላ ቢሆንም ማንም ቅር አይለውም። በ«አካም ጅርቱ» መጀመርም ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ረጅም ኦሮምኛ ባትረዱትም ሳቁ ይቀጥላል። ሐጅ ያደረጉ አዛውንትን «ሐጂ» ብላችሁ ጥሩ። አንተ ማለት ከጓደኛችሁ ልጅ ጋር ነው።

ቡናው ሲቀርብ ጨው ተደርጎበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ጤና አዳም፣ አንዳንዴ ቅቤ። ስኳር ለምዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል፣ ሦስተኛው ላይ ትለምዱታላችሁ። ቁርሱ የተቀቀለ በቆሎ፣ ቆሎ፣ ጎደሬ ወይም ዳቦ ነው፣ እንደ ወቅቱ። አቦል ጠጥቶ «መንገድ አለብን» ማለት አይሆንም። ቶናውንም በረካውንም ጠብቁ። ሽማግሌው ሲመርቁ እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። ይሄ ሁሉ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ከተቱትና ተቀመጡ፤ የወሬው ለዛ የሚመጣው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሰው ጋር ነው።

ማሳው ውስጥ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ይሄ ዝርያው ምንድን ነው?» ገበሬው ቁጥር ሊነግራችሁ ይችላል። 74110፣ 74112፣ እንዲህ ያለ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የሚሉት፣ ኢትዮጵያ ገባ። ፍሬውን ዛፉ ላይ እያለ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል። ያን ጊዜ የጅማ ምርምር ሰዎች፣ ጣቢያው መልኮ ነው፣ ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሽታውን የሚቋቋም ቡና ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። ቁጥሩ ላይ ያለው 74 ዓመቱ ነው፣ 1974። እነዚህ ሁለቱ የተገኙት ደግሞ ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። ማለትም ነገ ወደምትሄዱበት አገር። አጋሮ ጓሮ ያለው ቡና እናቱ ከሶር ጫካ ብዙም ያልራቀች መሆኗን አውቆ መጓዝ ለኔ የመንገዱን ትርጉም ይለውጠዋል። መልኮን ራሱን ለማየት ካሰባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ምርምር ጣቢያ ነው እንጂ መናፈሻ አይደለም።

በለቀማ ወቅት ከሆነ ደግሞ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሳታዩ አትሂዱ። በአጋሮ ዙሪያ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጣቢያዎች አሉ፤ ዱሮሚናና ናኖ ጫላ በውጭ ቡና ገዥዎች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው። ሰዓቱን ግን ልብ በሉ። ጠዋት ከሄዳችሁ ማሽኑ ቆሞ ዘበኛው ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ። ገበሬው ጠዋት ይለቅማል፣ እሸት ቡናውን የሚያመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ያን ጊዜ ሚዛኑ ጋ ወረፋ አለ፣ ጆንያ በአህያና በትከሻ ይመጣል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ይለያል፣ ፐልፐር የሚሉት መላጫ ማሽን ይጮሃል፣ የተላጠው ቡና ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይብላላል። ሥራው እስከ ሌሊት ነው። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ተራ በተራ እየለቀሙ የሚያጠሩት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቋቸው፣ «አይሆንም» ካሉም በቃ አይሆንም።

በደሌን በአጭሩ

ከአጋሮ በኋላ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል። ሙቀት ነው፣ ቆላ ነው፣ ወባም አለ፤ አጎበር ወይም የትንኝ መከላከያ ቅባት ያልያዛችሁ እዚያ አትደሩ። ድልድዩን አልፋችሁ በደምቢ አድርጋችሁ በደሌ ትገባላችሁ፣ ከጅማ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሌ ምሳ ብሉ። ቢራ ለሚጠጣ ሰው፣ ፋብሪካው በ1993 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እዚህ ነው። እዚህ የምታድሩት ከመሸባችሁ ብቻ ነው።

ያዩ፦ ዋናው ጫካ

ከበደሌ ወደ መቱ ስትሄዱ መሃል ላይ ያዩ አለች። ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ ስታዩአት ተራ የወረዳ ከተማ ናት፤ ሻይ ቤት፣ ባጃጅ፣ የሸቀጥ ሱቅ። ጀርባዋ ያለው ጫካ ግን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ነው። ከከፋው ጋር በአንድ ዓመት፣ ለአገራችንም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እነሱ ናቸው። ምክንያቱ ቡና ነው። አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበት ጫካ በዓለም ላይ እየመነመነ ነው፤ ያዩ አንዱ ነው። የ74110ን ታሪክ ካስታወሳችሁ ለምን እንደሚጠበቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አገባቡ እንዲህ ነው። በራሳችሁ ጫካ አትግቡ። ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና ፈቃድና አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ጠይቁ፤ የምትከፍሉት ካለ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጫካው በሦስት የተከፈለ ነው። መሃሉ አይነካም፣ ማንም አይለቅምበትም። ቀጥሎ ያለው ቀጠና ነዋሪው እየጠበቀ ቡናና ማር የሚያወጣበት ነው። ውጪው ደግሞ እርሻና መንደር ነው። እናንተን የሚወስዷችሁ ወደ ሁለተኛው ነው፣ ይሄም ይበቃል።

ውስጥ ስትገቡ ከአጋሮው ጋር አስተያዩት። የአጋሮ ቡና የተገረዘ፣ የተስተካከለ፣ ፍሬው የጠጠረ ነው። የጫካው ግን ቀጭን ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዝዟል፣ ፍሬውም እዚህም እዚያም ነው። ለዚህ ነው የጫካ ቡና ለቃሚ አንድ ቅርጫት ለመሙላት ብዙ የሚዞረው። ሥሩ ላይ ኮረሪማ ታያላችሁ፣ ቅጠሉ ረጅም፣ ፍሬው ከመሬት ጠጋ ብሎ ቀይ። ድምፃችሁን ዝቅ ካደረጋችሁ ጉሬዛ ከላይ አይታጣም።

ቀና በሉ ደግሞ። ትልልቆቹ ዛፎች ላይ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው ረጅም ድብልብል ነገር ቀፎ ነው። ባለቤት አለው፤ ዛፉም እንደዚያው፣ የእገሌ መሆኑን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ማር ቆራጩ በገመድ የሚወጣው ሌሊት ነው፣ ጭስ ይዞ፤ ንብ በጨለማ ስለማትበር። የማሩን ቀለምና ጣዕም የሚወስነው ያበበው ዛፍ ነው። ገተማ ሲያብብ የሚቆረጠው ነጭ ማር ነው፣ እሱ ግን የበልጉ ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ። በኅዳርና በታኅሣሥ የምትመጡ ከክረምቱ በኋላ ያበበውን ማር ነው የምታገኙት።

ማር ስትገዙ ከቆራጩ ወይም ከማኅበሩ ግዙ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ማንም ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፣ ከልብስ ጋር አታስቀምጡት። መኪና ውስጥ የፈሰሰ ማር እስከ ዓመቱ አይለቅም። እዚያው ቤት ካላችሁ ብርዝ ጠይቁ፤ ጠጅ በማይጠጣ አካባቢ የማር ክብር የሚታየው በእሱ ነው።

መቱ፣ ከዚያ ሶር

መቱ የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ ናት፣ ዩኒቨርሲቲም አላት፣ ማደሪያ አታጡም። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ውሃ መኖሩን ከፍታችሁ እዩ፤ «አለ» ማለት ብቻ አይበቃም። ማታውኑ የነገውን መኪና ጨርሱ። ሶር ከመቱ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በጠጠር መንገድ ይኬዳል። በደረቁ ጊዜ ባጃጅም ሞተርም ይወስዳል፣ ከዘነበ ግን ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። መኪናው መንደሩ ጋ ያቆማል፣ ከዚያ በእግር ነው። አንድ ሰዓት ያህል ትሄዳላችሁ፣ መጀመሪያ በእርሻ መሃል፣ ከዚያ ጫካ ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ ቁልቁለት ነው። የሚመራችሁን ሰው ከመንደሩ ያዙ። ዋጋውን ሳትነሱ ተስማሙ፤ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለቡድኑ፣ መሄድ ብቻ ነው ወይስ መመለስም፣ ይሄ ሁሉ ግልጽ ይሁን። አሥር ልጆች አብረዋችሁ ይነሳሉ። «አንድ ብቻ» ብላችሁ በፍቅር መልሷቸው፤ ካልሆነ ሲመለሱ አሥሩም ክፍያ ይጠብቃሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ከረሜላና ብር ለልጆች አትበትኑ። መስጠት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ጫማችሁ የሚይዝ ይሁን። ሸበጥ አይሆንም፣ ነጭ ስኒከርማ ጨርሶ። አንድ በትር ከመንደሩ ለምኑ። ዝናብ ልብስ በታኅሣሥም ያዙ፤ ከሰማይ ባይመጣ ከውሃው ርጭት ይመጣል።

ደግሞ ከጢስ ዓባይ ጋር አታወዳድሩት። ጢስ ዓባይ ሜዳ ላይ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ሶር በጫካ ተደብቆ ነው፤ መጀመሪያ በጆሮ ነው የምትደርሱበት፣ ከዚያ ዛፉ ሲከፈት ፊት ለፊት ነው። ድንጋዩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ለሰልፊ ወደ አፋፉ አትጠጉ። ውሃው ውስጥ ለመዋኘትም አታስቡ፣ ከላይ ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ከሥር ይጎትታል። የያዛችሁትን ፕላስቲክ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ስትመለሱ መንደሩ ውስጥ ቁጭ በሉ። መሪያችሁን ሻይ ጋብዙት፣ ወይም እሱ ቤት ቡና ይፈላ እንደሆነ ጠይቁት። የአጋሮውን የቡና ወግ እዚህም ተጠቀሙበት።

አንድ ቀን ካላችሁ ጎሬ

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፣ ዝናብም አይጠፋባትም። ድሮ ግን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ ቡናው በጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በጀልባ ሱዳን ይሻገር በነበረ ጊዜ የግሪክ ነጋዴ ሁሉ የሚኖርባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ ያለባት ቦታ ነበረች። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በ1936 እ.ኤ.አ. ራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የቆዩት እዚህ ጎሬ ነው። ይሄን የሚያሳይ ትልቅ ሙዚየም አትጠብቁ። አሮጌዎቹን ቤቶች እያያችሁ አንድ አዛውንት ፈልጉና አብራችሁ ዙሩ፤ ጎሬ የሚያወራላት ሰው ካለ ነው የምትታየው።

ከጎሬ መልስ ሁለት ምርጫ አላችሁ። በመጣችሁበት መመለስ፣ ወይም በማሻ፣ በቴፒና በሚዛን ዞሮ በቦንጋ በኩል ጅማ መግባት። ሁለተኛው ቢያንስ ሁለት ቀን ይጨምራል፣ መንገዱም እንደ ወቅቱ ነው። ግን ከፋን፣ የቡና ሙዚየሙን፣ ቦንጋ አጠገብ ያለውን የእግዜር ድልድይ የሚሉትን የተፈጥሮ ድልድይም አንድ ላይ ታያላችሁ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

የመጨረሻው የቡና ጉዳይ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው። በየቤቱ «ትንሽ ያዙ» ይሏችኋል፣ እናንተም ትገዛላችሁ፣ ሳታስቡት ጆንያ ይሞላል። ጥሬ ቡና በብዛት ይዞ ከአካባቢው መውጣት ግን ቁጥጥር አለበት፣ መንገድ ላይ ኬላ አለ። አንድ ሰው ለቤቱ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድለት አጋሮ ላይ እያላችሁ ጠይቁና በዚያ ልክ ግዙ። በየሰዉ ሻንጣ ከፋፍላችሁ ያዙት፣ የማኅበር ከሆነ ደረሰኙን አትጣሉ። መሸጎጥ አያስፈልግም፤ ሲጠይቋችሁ ከፍታችሁ አሳዩ።